ጨረሩ ግማሽ እንዳይሆን

ዲቦራ ወደ አክስቷ ቤት ስትታጠፍ መጀመሪያ ያየችው አልጋ ነው። የእማማ ዘቢደር የሽቦ አልጋ ከአጥሩ ቆርቆሮ ተደግፎ በቁሙ ቆሟል። ከጎኑ የተጠቀለለ ፍራሽ፣ ሁለት ቢጫ ጀሪካን፣ አንድ የእንጨት ሳጥን፣ ከሳጥኑ ላይ ፊቷን ወደ ቆርቆሮው ያዞረች የማርያም ሥዕል። እሁድ ጠዋት የጌዶ መንገድ ሁለት ዓይነት ሰው ይዞ ይሄዳል፤ ነጠላ ያጣፋው ከቅዳሴ ሲመለስ፣ መጽሐፍ ቅዱስ በብብቱ የያዘው ወደ ጸሎት ቤት ይወርዳል። በሌላው ነገር ሁሉ የማይስማሙት ሁለቱ ወገኖች እዚያች አልጋ ጋ ሲደርሱ ግን እኩል እርምጃቸውን ይቀንሳሉ። የሰው አልጋ ፀሐይ ላይ ሲቆም እንደ ገላ ነው፤ አይቶ እንዳላየ ማለፍ ይከብዳል፣ ቆሞ ማየትም ነውር ነው።

ባለ አልጋዋ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ድስቶቻቸውን በገመድ ያስራሉ። እማማ ዘቢደር የግቢውን የጓሮ ክፍል በስድስት መቶ ብር የተከራዩ ባልቴት ናቸው። በስድስት መቶ ብር ዛሬ ጌዶ ውስጥ የዶሮ ቤት እንኳ አይገኝም፤ ግን የርካሽ ነገር ዋጋው ሌላ ቦታ ነው የሚከፈለው። የግቢው ባለቤት ሙሉወርቅ፣ ዲቦራ እንደ አገሩ ወግ «አዳዳ» የምትላት የአባቷ እህት፣ ጡቷ በቀዶ ጥገና ከወጣ ወዲህ ውሃውን የሚቀዱት፣ ቅቤውን የሚመዝኑት፣ በገበያ ቀን ከደንበኛ ጋር የሚጨቃጨቁት እኚሁ ባልቴት ነበሩ።

«እማማ፣ እንደምን አደሩ? ይሄ ምንድነው?»

«ምን ይሆናል፣ ቤት እየለቀቅሁ ነዋ።»

«በሰንበት?»

«ሰንበቱንማ ለኦቦ ተሬፋ ንገሪልኝ።» ገመዱን በጥርሳቸው ሳብ አድርገው ቋጠሩት። «ግቢ፣ ግቢ። አንቺን ነው የምትጠብቀው።»

ዲቦራ የመጣችው አክስቷን ልትወስድ ነው። ዛሬ አምቦ ዲቦራ ቤት አድረው ነገ ሰኞ አዲስ አበባ፣ የጨረር ሕክምና። ለዚያች ሰኞ አዳዳ ሙሉወርቅ ክረምቱን ጠብቃለች፣ መስቀልን ጠብቃለች፣ ገናንም ጠብቃለች፤ ማሽኑ ጥቂት፣ ታማሚው የአገር ያህል ነውና ተራ ማግኘት ከሎተሪ አይሻልም። ባለፈው ሳምንት ስልክ ተደወለ፤ «ሰኞ ጠዋት ይቅረቡ፣ ካልቀረቡ ተራው ለሌላ ይሰጣል» አለች አንዲት ሴት፣ ደህና ዋሉ ሳትል ዘጋች። የአዳዳ ባል ኦቦ ተሬፋ የጸሎት ቤት ሽማግሌ ናቸው፤ በጌዶ ቃላቸው ይከበራል፣ አዲስ አበባ ሲገቡ ግን አስፋልት ለመሻገር የሰው እጅ ይፈልጋሉ። ስለዚህ ይዛት የምትገባው፣ ካርድ የምታወጣው፣ ዶክተሩ ያለውን ሰምታ የምታስረዳው ዲቦራ ናት። ሰው ሲታመም በሚገኝ ማዕረግ ደስ መሰኘት ኃጢአት ይሁን አይሁን አይታወቅም፤ ዲቦራ ግን ከአምቦ ጌዶ ድረስ ያንን ማዕረግ ጭን ላይ እንዳለ ቦርሳ አቅፋው ነው የመጣችው።

ሳሎኑ ውስጥ የነጠረ ቅቤ ሽታ እንደ ወትሮው ከግድግዳው ጋር ተለስኗል፤ ዛሬ ግን የዲቶል ሽታ ተደርቦበታል። ኦቦ ተሬፋ በእሁድ ሱፋቸው፣ ክራቫታቸው ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቶ፣ ዳንቴል በለበሰው ሶፋና በመኝታ ቤቱ በር መካከል ይመላለሳሉ። በሩ ክፍት ነው። አዳዳ ሙሉወርቅ አልጋው ጠርዝ ላይ፣ ከወገቧ በላይ ራቁቷን፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀምጣለች፤ ከጤና ጣቢያ የተጠራች ነርስ ጎንበስ ብላ ደረቷን ታጥባለች። ጡቷ በነበረበት በኩል፣ የቀዶ ጥገናው ጠባሳ አዲስ እንደተጠረገ መንገድ በሚያልፍበት፣ ሦስት ቁስሎች ተደርድረዋል። ጠርዛቸው ፍም፣ መሐላቸው እንደ አይብ ነጭ። ሦስቱም ልክክ ያሉ ክብ ናቸው፤ አደጋ እንዲህ ክብ አድርጎ አያቃጥልም።

«ነይ እዪ፣ የአሮጊቷን ሥራ እዪ!» አሉ ኦቦ ተሬፋ። «ዛሬ ጠዋት ቀሚሷ ከገላዋ ተጣብቆ አልላቀቅ ሲል ነው ያየሁት። ተኩሳት ነው! ድሮ እጃጂ ገበያ ዓይኑ የታመመውን ቅንድቡን፣ ጎኑን የወጋውን ሆዱን በጋለ ብረት ስትጠብስ የኖረች ሴት፣ እኔ በገዛ ግቢዬ አኑሬያት! ማንደጃ ሙሉ ፍም ተሸክማ ጠዋት ጠዋት እዚህ ስትገባ ጎረቤት ሁሉ አይቷታል። ምንድነው ስላት ብርድ ይዟታል ትለኛለች።»

«እኔው ነኝ አልኩህ እኮ ተሬፋ» አለች አዳዳ ለግድግዳው። «ማንም አልነካኝም።»

«አፍዝዛሻለች! የፈዘዘ ሰው መፍዘዙን ያውቃል?»

ነርሷ ፋሻውን እያጣበቀች ወደ ዲቦራ ዞረች፤ ከቤቱ ሰው ሁሉ ነገር የሚገባት እሷ እንደሆነች ከአለባበሷ ገምታ ይሆናል። «ማንም ያድርገው ማን፣ እንዲህ በተላጠ ቆዳ ላይ ጨረር አይሰጡም። እስኪድን ጠብቁ ማለታቸው አይቀርም፤ እስከዚያ ተራውን ይያዙላችሁ አይያዙላችሁ እኔ አላውቅም። ብቻ ነገ ሂዱ። ከቀራችሁማ አለቀ።» ኦቦ ተሬፋ መቶ ብር ሲዘረጉላት «እግዜር ይማራቸው» ብላ እጇን ሰብስባ ወጣች። እሳቸውም መኪና ሊይዙ ወደ መናኸሪያ ወጡ፤ አጥሩ ጋ ሲደርሱ «ሳጥኑን ከደጄ ላይ አንሺ!» ሲሉ ድምፃቸው እስከ መኝታ ቤት ተሰማ።

«በሩን ዝጊው ዲቦ» አለች አዳዳ።

ዘጋችው። አክስቷ ጋቢዋን በደህናው ትከሻዋ በኩል ሳብ አደረገች፣ እንደ ተማሪ ቀና ብላ ተቀመጠች፤ በዚያ ሁሉ ስቃይ መሐል ዓይኗ ላይ አንድ የሚጠብቅ ነገር ነበር።

«በቂ ነው?»

«ምኑ?»

«ሙቀቱ ነዋ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የሚዛኑን ብረት፣ የግማሽ ኪሎውን፣ ፍም ላይ አግዬ በፎጣ ጠቅልዬ ነው። ማግኔትም አላጣሁም፣ ከተበላሸው ቴፕ እስፒከር አስፈልቅቄ ከላይ አስሬበታለሁ። እጄ ከቀዶ ጥገናው በኋላ አልነሳ ስላለኝ ፍሙን የምታመጣልኝ ዘቢደር ነበረች እንጂ ብረቱንስ እኔው ነኝ የያዝኩት። ቦታው ደንዝዟል፣ እንጨት ነው፣ ምንም አይሰማኝም። ሙቀቱ ወደ ውስጥ አልዘለቀም ብዬ ፎጣውን አሳሳሁት።» ጋቢዋን ሰብሰብ አድርጋ «ጨረሩ ግማሽ እንዳይሆን ብዬ እኮ ነው» አለች።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ቅቤ ነጋዴ ቤት ቁጭ ብሎ ይህን ማሰብ ደግሞ ሌላ ቅጣት ነው። ዲቦራ የምትሠራው አምቦ፣ ከዩኒቨርሲቲው በር ፊት ለፊት ባለች የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ነጥብ አልመጣላትም፤ «እኔ ዩኒቨርሲቲ ባልገባ ዩኒቨርሲቲው በጣቶቼ ይገባል» እያለች የሰው የመመረቂያ ጽሑፍ ትተይባለች፣ የተየበችውን ታነባለች፣ ያልገባት ቃል ካለ ስልኳ ላይ አሳድዳ ሳትይዘው አትተኛም። ቀነዓ የሚባል የፊዚክስ ማስተርስ ተማሪ ስለ ማግኔታዊ ናኖ ብናኝ የጻፈውን ያመጣላት አምና ነው። በዓይን የማይታይ የብረት ብናኝ ነው፤ በመርፌ እብጠቱ ውስጥ ይገባል፤ ከውጭ ያለ ማግኔት ወዲያና ወዲህ ሲያወዛውዘው ብናኙ ይሞቃል፣ ካንሰሩም ከውስጥ ይሞቃል፣ ያውም ትኩሳት እንደያዘው ሰው ያህል፣ ከዚያ እምብዛም ያልበለጠ። ጨረሩ የሰበረውን ካንሰሩ መልሶ እንዳይጠግን ሙቀቱ ያግደዋል፤ ሁለቱ ሲጣመሩ አንዱ ለሌላው ጉልበት ይሆነዋል። የሚያምር ነገር ነው። ዲቦራ አክስቷን እያሰበች፣ ቁልፎቹ ላይ እንባዋ እየወደቀ ነው የተየበችው። ታዲያ ከወር በፊት፣ ይኸው ሳሎን በጠያቂ በሞላበት እሁድ፣ ተናገረችው። ሲናገሩ ሰው ሲያዳምጥ እንዴት ይጣፍጣል! ኩባያ ያነሳው ኩባያውን እንደያዘ ቀረ። ያኔ ከጠያቂዎቹ አንዱ፣ የጤና መኮንኑ ሚልኪያስ፣ ፈገግ ብሎ «ዲቦራ፣ ይሄ እኮ ገና አይጥ ላይ ነው፤ እዚህ አገርም የለም» አላት። ልክ ነው። እሷም ታውቀዋለች፣ በገዛ ጣቷ ተይባዋለች። ፈገግታው ነው ያቃጠላት፤ ያ ወረቀት ያላቸው ሰዎች ወረቀት ለሌለው የሚያበድሩት ፈገግታ። «ዋናው ነገር ብረቱና ሙቀቱ ነው፤ ጨረር ብቻውንማ ግማሽ ሕክምና ነው!» አለችው፣ ዝም ይበልላት ብላ ብቻ። ዝም አለላት። ሰው ሳቀ፣ አሸነፈች። ከሶፋው ጥግ ጋቢ ተከናንባ የተቀመጠችው፣ ያንን ጨረር ብላ ወራት የቆጠረችው ሴት ግን አልሳቀችም፤ የዲቦራን ቃል አንስታ መኝታ ቤቷ ይዛው ገባች።

«አዳዳ» አለች ዲቦራ፣ ምላሷ የሌላ ሰው ምላስ ሆኖባት። «እኔ ያልኩት… ያ ነገር አይጥ ላይ የተሞከረ ነው።»

«አይጥ?»

«ብረቱም እንዲህ ያለ ብረት አይደለም። በመርፌ የሚገባ ነው፣ በዓይን አይታይም። ሙቀቱም የእሳት ሙቀት አይደለም።»

አዳዳ ሙሉወርቅ ፋሻዋን ቁልቁል አየችው፤ ልብስ ሰፊ እንዳበላሸባት ልብስ ነው ያየችው። ግቢው ውስጥ አንድ ዶሮ ይጮኻል። ጎረቤት ራዲዮ ከፍቷል።

«ታዲያ ያኔ ለምን አላልሽም፣ ኢንተላ ኮ?» አለች፣ ሕፃን ሆና «ልጄ» ትላት በነበረበት በኦሮሞኛው ቃል፣ ምንም ቁጣ ሳይኖርባት።

ዲቦራ ለሁሉ ነገር መልስ ያላት ልጅ ነበረች። አሁን ግን ጎንበስ ብላ የአክስቷን ነጠላ ጫማ ከአልጋው ሥር መፈለግ ጀመረች።

«ለተሬፋ እንዳትነግሪው» አለች አዳዳ። «ከደጄ እንዳትደርሺ ይልሻል፣ ታውቂው የለ። ነገ ማን ይዞኝ ሊገባ?»

«እማማ ዘቢደርስ?»

«ስመለስ አስታርቃቸዋለሁ።»

«ስትመለሺ የት አግኝተሻቸው?»

አክስቷ መልሳ ወደ ግድግዳው ዞረች። ዲቦራ ልብሷን አለበሰቻት፣ ነጠላ ጫማዋን አደረገችላት፣ ቦርሳዋን ሸከፈች፤ እነዚያን ሁሉ ነገሮች ስትሠራ እጇ ፈጣን ነበር፣ ወንጀለኛ ቤት ሲጠርግ እጁ እንደሚፈጥነው።

መኪናው መጥቶ ጥሩምባ ሲነፋ ኦቦ ተሬፋ ከረዳቱ ጋር ሂሳብ ላይ ነበሩ፤ የታመመ ሰው እንዳይጋፋ ለሦስት ሰው የአራት ሰው እከፍላለሁ ይላሉ፣ ረዳቱ የአምስት ይላል። እማማ ዘቢደር ከበርጩማቸው ተነሥተው አዳዳ ሙሉወርቅን ሊሰናበቱ አንድ እርምጃ ሄዱና የኦቦ ተሬፋን ጀርባ አይተው ቆሙ። ዲቦራን ግን ክንዷን ያዟት። እጃቸው ከሰል ከሰል ይሸታል።

«ልጄ፣ መጽሐፉ እንዲህ ይቆስላል ይላል?»

ዲቦራ ወደ እሳቸው ዞረች። «እርስዎ… ያውቁ ነበር?»

«እንዴት አላውቅ? እኔ እኮ ቀዝቀዝ ይበል ብያት ነበር። የእሳትን ነገር አውቀዋለሁ፣ ስንቱን አቃጥዬበት ነው የተውኩት። ‹የለም፣ ዲቦራ ያለችው ሙቀት ነው› አለችኝ። የአንቺ የመጽሐፍ ነው ብዬ ዝም አልኩ።»

«ለምን ለኦቦ ተሬፋ አልነገሯቸውም?»

«እሷ አደራ አለችኛ። ደግሞስ ብናገር ማን ያምነኛል? እኔ ተኳሽ፣ አንቺ የተማርሽ።» ክንዷን ለቀቁና ወደ ድስቶቻቸው ተመለሱ። «ሂጂ፣ መኪናው እንዳይሄድባችሁ። እኔ እጃጂ የእህቴ ልጅ አለች፣ ከተቀበለችኝ።»

አዳዳ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፣ ዲቦራ መሐል፣ ኦቦ ተሬፋ በመተላለፊያው በኩል። አባዱላው ከጌዶ እንደወጣ ተሳፋሪው በደንቡ መሠረት መጀመሪያ መንገዱ ሰላም ነው አይደለም ተባባለ፣ ቀጥሎ የጤፍ ዋጋ ላይ ተማረረ፣ ሦስተኛ የታመመችዋን ሴት ምን ሆና ነው አለ። ኦቦ ተሬፋም ነገሯቸው። በአማርኛ ጀምረው ሲናደዱ ኦሮሞኛ እየሆኑ፣ ፍሙን፣ ማንደጃውን፣ ሦስቱን ቁስል፣ ወራት የተጠበቀውን ተራ ነገሯቸው። ከፊት የተቀመጠ ባለ ኮፍያ ሽማግሌ ሙሉ በሙሉ ዞረ።

«የኔን አያት ለራስ ምታት ብለው ግንባሯን ተኩሰዋት ነበር። ራስ ምታቱ ለቀቃት፣ ባሏም ለቀቃት» አለ። መኪናው ሳቀ። «አሁን ግን በዚህ ዘመን? መታሰር አለባት!»

«ገና ምን አይታ!» አሉ ኦቦ ተሬፋ። «አምቦ አድርሻቸው ስመለስ ፖሊስ ጣቢያ ነው የማስገባት።»

«ዕድሜዋን ሙሉ የሠራችውን ትክፈል» አለች ከኋላቸው ዶሮ በዘንቢል የያዘች ጠና ያለች ሴትዮ። «እግዜር የእጇን ይስጣት።»

ዲቦራ አክስቷን አየቻት። አዳዳ በመስኮቱ ዓይኗ እርሻ እርሻውን ያያል። በዚያ መኪና ውስጥ እውነቱን የሚያውቁ ሁለት ሴቶች አሉ፣ ሁለቱም ትከሻ ለትከሻ ገጥመው ዝም ብለዋል፤ ዝም ባሉ ቁጥር የእማማ ዘቢደር አልጋ ከጌዶ ፀሐይ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይጓዛል። ዲቦራ ጸሐፊ ስለሆነች ታውቀዋለች፣ የክስ ወረቀት እንዴት እንደሚጻፍ፤ ስንቱን ተይባለች፤ ተከሳሽ ሲባል ስም ብቻ ነው የሚሞላው።

«ኦቦ ተሬፋ፣ እማማ ዘቢደር አይደሉም» አለች። «እኔ ነኝ።»

«ምኑን ነሽ?»

«ብረትና ሙቀት ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። እሳቸው ፍም ከማምጣት በቀር ምንም አላደረጉም።»

ባለ ኮፍያው ራሱን ነቀነቀ። «ልጅነት ደጉ! ለአሮጊቷ አዝና በራሷ ላይ ስትወስደው እዩልኝ።»

«ያሳደጋት ይባረክ» አለች ባለ ዶሮዋ። «የተማረች ልጅ ብረት አግለሽ ደረትሽ ላይ አድርጊ ትላለች? ፊቷ ላይ እኮ ይታያል።»

ኦቦ ተሬፋም እጃቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረጉ። ክብደቱ የባራኪ እጅ ክብደት ነው። «አውቃለሁ፤ እንደ አባትሽ ሆደ ቡቡ ነሽ። ለክፉ ሰው ግን አይታዘንም።»

ያን ጊዜ ዲቦራን የሚያሳፍር ነገር ተሰማት፦ እፎይታ። ተናግራለች፣ አላመኑም፤ ከዚህ በላይ ምን ታድርግ? በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶላታል፣ ከዚያ በር ማዶ ደግሞ ደግ ልጅ የሚል ስም ቆሞ ይጠብቃታል። ምርቃቱ ሞቆ፣ ለስልሶ፣ ልክ እንደዚያ እሁድ ሳቅ ጣፈጣት። ጣዕሙን ስታውቀው ነው የዘገነናት።

«ይስሙኝ!» አለች፣ እጃቸውን ከትከሻዋ አውርዳ። «ያን እሁድ ከሚልኪያስ ጋር ስከራከር እርስዎ አልነበሩም? ይኸው እንደገና ልንገርዎት» ብላ ጀመረች። ብናኙን፣ መርፌውን፣ ማግኔቱን፣ ካንሰሩ ከውስጥ እንዴት እንደሚሞቅና ጨረሩ ሲመጣ እንዴት ደክሞ እንደሚጠብቀው፣ ሁሉንም፣ አንድ ቃል ሳታስቀር። ያልተጠራጠረችው ነገር ቢኖር አንደበቷን ነው፤ አንደበቷ ደግሞ አሳፍሯት አያውቅም። ሹፌሩ የራዲዮውን ድምፅ ቀነሰ። ባለ ኮፍያው አፉን ከፈተ። «ሚልኪያስ አይጥ ላይ ነው ሲለኝ፣ ዋናው ብረቱና ሙቀቱ ነው፣ ጨረር ብቻውን ግማሽ ነው አልኩት። እሱን ለማሸነፍ ነው ያልኩት። አዳዳ ሰማችኝ። ሚዛኑን አጋለች።»

ኦቦ ተሬፋ አላዩዋትም። በእሷ ላይ አሻግረው ሚስታቸውን ነው ያዩት፤ አዳዳ ሙሉወርቅም ከመስኮቱ ዞራ አየቻቸው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። አርባ ዓመት አንድ ትራስ ለተጋራ ሰው ይህ ከመሐላ ይበልጣል። ሰውየው ክራቫታቸውን ፈቱ። ጠቀለሉት፣ ኪሳቸው ከተቱት። ባቢች ከተማ መግቢያ ላይ «ወራጅ አለ» አሉ።

«ኦቦ፣ አምቦ አላላችሁም?» አለ ረዳቱ።

«ወራጅ አልኩህ።»

መኪናው ጠርዝ ያዘ። ኦቦ ተሬፋ እግራቸውን አውርደው እጃቸው በሩ ላይ እንዳለ ቆሙ። ለሚስታቸው «ዋቃዮ አብሮሽ ይሁን፣ ሙሉ» አሏት። «ፀሐይ ሳይጠልቅ አልጋዋን መልሼ እዘረጋለሁ። ይቅር ካለችኝ።»

«ነገ ዶክተሩ ማን አደረገው ካለ፣ እኔ ነኝ እለዋለሁ» አለች ዲቦራ።

«የለም» አሉ፣ አሁንም ሳያዩዋት። «አንቺ ዝም ብለሽ እሱ የሚልሽን ስሚ።» በሩን ራሳቸው ዘጉት፤ አስፋልቱን ወደ ጌዶ በኩል ለመሻገር ግራና ቀኝ ሲያዩ፣ አንድ እግራቸውን አውርደው ሲመልሱ፣ በኋላ መስኮት ታዩ።

የመረቋት ሰዎች አሁን ምርቃታቸውን መልሰው የሚወስዱበት ወግ ስለሌለ ወደ ውጭ ያያሉ። ባዶ የቀረው ወንበር ላይ ባለ ዶሮዋ ሴትዮ ከኋላ መጥታ ተቀመጠች፤ ዘንቢሏን እግሯ መካከል አደረገችና ወደ ዲቦራ ጆሮ ተጠጋች።

«ኢንተላ ኮ፣ ማሎ፣ አንድ ነገር ንገሪኝ» አለች እየለመነች። «እህቴ ናት። እዚህ ጋ፣ ከብብቷ ሥር። ሐኪሞቹ ጨረር ብለዋታል፣ ተራዋ ገና ነው። ብረቱ የግድ የሚዛን ነው? የማረሻ ቢሆንስ?»

«አይደረግም እናቴ! አላዩም አዳዳን?»

«እሷማ አብዝታው ነው። በልክ ሲሆን ስንት ነው?»

«አላውቅም።»

ይህችን ቃል ከአፏ አውጥታ አታውቅም፤ ለተማሪ፣ ለአለቃ፣ ለሚልኪያስ። ሴትዮዋ ግን ከዚህ በፊት ብዙ ሰው ብሏት የምታውቅ ይመስል አልተቀበለቻትም።

«አሁን እኮ አንድ በአንድ ዘረዘርሽው።»

«ያነበብኩትን ነው። ያነበብኩት አይጥ ላይ ነው። እዚህ አገር የለም። እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ ሰው ያመጣልኝን የምተይብ ነኝ፣ አላውቅም እናቴ፣ እውነቴን ነው አላውቅም።»

ሴትዮዋ ራቅ ብላ ከላይ እስከ ታች አየቻት። «ለዘመድ ሲሆን አለ፣ ለሰው ሲሆን የለም» አለች፣ የዘንቢሏንም እጀታ ያዘች። ጉደር እስኪደርሱ ዲቦራ ለመነቻት፤ ተራዋን ትጠብቅ፣ እሳት አታስጠጉባት፣ ሐኪሟን ጠይቁ አለቻት። ሴትዮዋ «እሺ፣ እሺ» ትላለች፤ የ«እሺ»ዋ ዓይነት ግን ዲቦራ ራሷ ለደንበኛ የምትለው፣ ነገር ለማሳጠር የሚባለው ነው።

ሴትዮዋ ጉደር ድልድዩን እንዳለፉ ወረደች። ዲቦራ በአክስቷ ላይ ተንጠራርታ፣ ቁስሏን እንዳትነካ አንድ እጇን በመቀመጫው ብረት ደግፋ፣ መስኮቱን ከፈተች።

«እናቴ! ብረት እንዳታስነኳት! ሙቀት አይደለም! ሰሙኝ? እንዳታስነኳት!»

መኪናው ተንቀሳቅሷል፤ ረዳቱ «አምቦ፣ አምቦ፣ አምቦ» እያለ ይጮኻል፤ ከኋላ አይሱዙ ጥሩምባውን ይነፋል። ሴትዮዋ ከአቧራው ውስጥ ዞረች፣ ፊቷ ፈካ፣ ዶሮ ያልያዘውን እጇን ከፍ አድርጋ እንደሚያመሰግን ሰው ደረቷን ነካች።

አዳዳ ሙሉወርቅ ቀስ ብላ መስኮቱን ዘጋችው።

«ሰማችሽ?» አለች።

«አላውቅም፣ አዳዳ።»